የጋሽ ኤርሱሞ ሐሙሶች

ጋሽ ኤርሱሞ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ወር ካለፋቸው በኋላ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ አንድ ጠዋት እንጅባራ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ስልኬ ብቻዋን መንጫጫት ጀመረች። የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንዴ ሲዘረገፍ የጋሽ ኤርሱሞ ወዳጅ ሐጂ ሰይድ ሰባት ጊዜ ደውለው እንደነበር አየሁ። ሐጂ ሰባት ጊዜ የሚደውሉ ሰው አይደሉም፤ ስልክ ለእሳቸው የመርዶ ዕቃ ነው። መልሼ ደወልኩ።

«ሜትር፣ ደኅና ነሽ ወይ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ባለቤትሽስ?» ብለው ሰላምታውን አንድ በአንድ ከጨረሱ በኋላ፣ «ኤርሱሞ ጥሎን ሄደ» አሉ። «ብንደውል ስልክሽ አይሠራም፤ ሰው እንዳንልክ መንገዱ ዝግ። ቀበርነው። ከቋሚው ሥር ነው ያስቀመጥነው፣ አብሽሪ።»

መጀመሪያ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። በኔትወርኩ ተናደድኩ፣ በመንገዱ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ ተናደድኩ። የእኒያን ሰው ቀብር ሳልደርስ ቀርቼ ወር ቆይቶ መነፋረቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያም ሆኖ ማታውን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ሜትር» ስሜ አይደለም። ያወጡልኝ ጋሽ ኤርሱሞ ናቸው፤ በምን ምክንያት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ መንደሩ።

ከጫግኒ በታች፣ ሙቀቱ ፊት በሚጠብስበት ቆላ ውስጥ ታች ሰፈራ የምትባል መንደር አለች። በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በድርቁ ዘመን፣ ሰዎች በጭነት መኪና እየተጫኑ መጥተው የተራገፉባት ናት። ግማሾቹ ከከምባታ የመጡ ካቶሊኮች፣ ግማሾቹ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ። ጋሽ ኤርሱሞ የካቶሊኮቹ ካቴኪስት ናቸው። ካቴኪስት ማለት በዚያ አገር ካህኑ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቅ ሲል ለቀሪዎቹ እሑዶች በሙሉ ኃላፊ ማለት ነው፤ ጸሎት ይመራሉ፣ ወንጌል ያነባሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ፣ ሙት ይቀብራሉ። እኔ ዳንግላ ያደግሁ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። እሳቸውን እስካገኝ ድረስ ካቶሊክ ሲባል የማውቀው ከተማ ውስጥ ያለ የግንብ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር።

ያኔ ጫግኒ ላይ የመሬት ምዝገባ ሠራተኛ ነበርኩ። ይዞታ እለካለሁ፣ ካርታ ላይ አሰፍራለሁ፣ ስም እጽፋለሁ። ወጣት ነበርኩ፤ ማኅተም ካለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ራሱ ሥልጣን ይመስለኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ቆሙ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል፤ ኮታቸው ግን ንጹሕ ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ታች ሰፈራን የለካሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ ምን ነበር?» አልኩ ቀና ሳልል።

«ቤተ ክርስቲያናችንን ክፍት ቦታ ብለሽ ጽፈሽዋል።»

«አባባ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁማ መንደሩ መሀል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በትክክል መዝግቤዋለሁ።»

«እሱ አዲሱ ነው። እኔ የምልሽ ከወንዙ በላይ ያለውን፣ አሮጌውን ነው።»

«እዚያ ምንም ቤት የለም። ዛፍ ነው ያለው።»

«ዛፎቹ ናቸው ቤተ ክርስቲያኑ» አሉ።

ኧረ በስመ አብ! ሰውየውን ፀሐይ መትቷቸዋል ብዬ ነበር። መዝገቤን ገለጥኩ፤ «የወል መሬት፣ ክፍት፣ የተፈጥሮ ዛፍ ያለበት» ይላል፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ። ክፍት ስለተባለም ለጡብ ሥራ ማኅበር ታጭቷል። አፈሩ ለጡብ ጥሩ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ዛፉ ተመንጥሮ ቁፋሮ ይጀመራል።

«ሙታኖቻችን እዚያ ናቸው» አሉ ጋሽ ኤርሱሞ። «እነሱን ቆፍረው ጡብ ሊያደርጓቸው ነው።»

«የመቃብር ምልክት አላየሁም። ወረቀት አላችሁ? ማስረጃ?»

«የለንም።»

«እኛ የምንሠራው በወረቀት ነው፣ አባባ።»

«ወረቀትማ ምስጥ ይበላዋል፣ ልጄ። እንጨቱ ግን ቆሟል።»

«እንግዲያው ምስጥ እስኪበላው ድረስ በወረቀት ነው የምንሠራው» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ምላስ ነበረኝ፤ እኔን ይብላኝ።

አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አጠለቁና፣ «ግድ የለም። ዛሬ ካልሆነ ሐሙስ ነኝ» ብለው ወጡ።

በሳምንቱ ሐሙስ መጡ። በሚቀጥለውም መጡ። ከመንደራቸው ወደ ጫግኒ የሚወጣ አይሱዙ የሚገኘው ሐሙስ ብቻ ነው፤ እሱን ለመያዝ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ይሄዳሉ። ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይቀመጣሉ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ መቁጠሪያቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ። ኃላፊዬ ሲያልፍ፣ «አባባ፣ ዛሬ አይሆንም፤ ሄደው ይመለሱ» ይላቸዋል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልቀመጥ ግድ የለም። አትመልሱኝ ብቻ።» ቢሮው ሁሉ በስማቸው መጥራት ትቶ «ሐሙስ መጡ» ማለት ጀመረ። እሳቸውም እኔ ሜትሬን አንግቼ ከመስክ ስገባ ካዩኝ ከወንበራቸው ብድግ ይሉና፣ «እሜቴ ሜትር ገቡ!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ስሙ እንዲህ ተለጠፈብኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝ።

ጓደኞቼ፣ «ሽማግሌው ከቆላ ሲመጡ ማንጎ እንኳን አይዙም» እያሉ ያሟቸው ነበር። አንድ ቀን ቀልድ አስመስዬ ነገርኳቸው። «ጉዳዬ ሳያልቅ ካመጣሁ ጉቦ ነው» አሉኝ ኮስተር ብለው። «ሲያልቅ ካመጣሁ ግን ምስጋና ነው። ማንጎ ካማረሽ ጉዳዬን ጨርሺልኝ።»

የመንደሩን ታሪክ የሰማሁት በዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ በየሐሙሱ ቁራሽ ቁራሽ ነው። ሲመጡ ቤት አልነበረም፤ ሣርና ወባ ብቻ። ጋሽ ኤርሱሞ በልጅነታቸው አገራቸው ላይ ከሚሲዮን የተማሩባትን የጸሎት መጽሐፍ በኮታቸው ውስጥ ይዘው ነበር የመጡት፤ ማንም ሳይሾማቸው ካቴኪስት ሆኑ። የሰፈራው ካድሬ የጸሎት ቤት የሚባል ነገር አይሰማም። ስለዚህ «የበቆሎ ማስጫ ዳስ» ብለው አስፈቀዱ። በቆሎውን ከሥር አሰጡት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ወደ ጎን እየገፉት ይጸልዩበት ነበር። ወረቀት ቢፈለግ ኖሮ ወረቀቱ የሚለው «ዳስ» ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ከየት ይምጣ?

እንጨቱን ያመጣው እያንዳንዱ ቤተሰብ ነው፣ ለአንድ ቤት አንድ ቋሚ። ዝናብ እየደረሰ ነው፣ መጥረቢያው ለሰፈሩ ሁለት ነው። አገሩንም ዛፉንም አያውቁትም። ደገኛ ናቸውና ለስላሳውን፣ ቶሎ የሚቆረጠውን ዛፍ መረጡ፤ ቅርፊቱን ሳይልጡ፣ ሳያደርቁ፣ እርጥቡን እንደወረደ ተከሉት። በአጠገባቸው ያልፍ የነበረ አንድ የአገሬው ገበሬ አይቷቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ እኮ የአጥር እንጨት ነው፤ አይሞትም!» አላቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም። ክረምቱ ሳይወጣ ቋሚዎቹ በሙሉ አቆጠቆጡ። ወንጌል ሲነበብ ቅጠል የምእመናኑን ራስ ይነካ ነበር።

«ሰዉ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ተአምር ነው አሉ። እኔ ግን ተአምር አይደለም፣ ችኮላ ነው አልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ውስጥ ያደገውን በቢላ እመለምል ነበር።»

ተአምር አይሁን እንጂ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በመንደሩ ያለውን ጎጆ ሁሉ ምስጥ ሲጨርሰው፣ በደንብ ተልጠውና ደርቀው የተተከሉት ቋሚዎች ዱቄት ሲሆኑ፣ በስህተት የተተከሉት ብቻ ቀሩ። ምስጥ ሕያው እንጨት ብዙም አይደፍርም። በኋላ ዘመኑ ሲለወጥ መንደሩ መሀል የቆርቆሮውን ቤት ሠሩ፤ አሮጌው ቦታ ጣሪያው ወድቆ ለሙታን ቀረ።

ይህን ሁሉ እሰማለሁ፣ ያዝናናኛል፣ ግን ከወንበሬ አልነሳም። ኃላፊዬ «ካርታው ጸድቋል» ብሏል፤ እኔም ስህተት ሠራሁ ብሎ ማመን ሞት ነበር የሚመስለኝ። ነሐሴ ገባ። ቁፋሮው ሊጀመር ሳምንታት ቀሩት።

አንድ ሐሙስ ከባድ ዝናብ ሲጥል ዋለ። ዛሬስ አይመጡም ብዬ በሩን ስከፍት ወንበሯ ላይ ናቸው። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል። ወባ ነው።

«ምን ሆነው መጡ?» ብዬ ጮህኩባቸው፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ነው የጮህኩባቸው። «በዚህ ትኩሳት! ሊሞቱ ነው እንዴ?»

ቀና ብለው ግራ በመጋባት አዩኝ። «ሐሙስ ነዋ» አሉ።

ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳከምኳቸው፤ በማግስቱም ትኩሳቱ ሲቀንስላቸው፣ ለኃላፊዬ ሳልነግር ሜትሬን ይዤ በተገኘ የጭነት መኪና አብሬያቸው ወረድኩ።

ከወንዙ በላይ ወዳለው ቦታ ስንወጣ ሐጂ ሰይድ አይተውን ተከትለው መጡ። የወሎዎቹ ሽማግሌ ናቸው፤ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ምላሳቸው ከእኔ የባሰ። ዛፎቹ ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል። እኔ ምዝገባ ስሠራ ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ አይቼ፣ ቅርንጫፋቸው ስለገጠመ ጫካ ነው ብዬ፣ ከመኪናም ሳልወርድ ነበር የጻፍኩት። አሁን ግንዱ ሥር ቆምኩ።

«ለኪ» አሉኝ ጋሽ ኤርሱሞ።

ለካሁ። ከመጀመሪያው ግንድ እስከ ሁለተኛው ሁለት ሜትር ተኩል። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሁለት ሜትር ተኩል። ሐጂ የሜትሩን ጫፍ ይይዙልኛል፤ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ያው። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ መስመሩ ቀጥ ብሎ ታጠፈ። ላቤ ይወርዳል። በስተምዕራብ በኩል በሁለት ግንዶች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አገኘሁና፣ «እዚህ አንድ ጎድሏል» አልኩ።

«አልጎደለም» አሉ። «በሩ ነው።»

እግዚኦ! ያን ጊዜ ነው የታየኝ። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቋሚ፣ በስተምሥራቅ የመሠዊያው ቦታ። የትኛው የተፈጥሮ ጫካ ነው በሜትር ተለክቶ፣ በር ትቶ የሚበቅል? እኔ የመሬት ባለሙያ ነኝ ባይዋ አራት ማዕዘን ቤት ክፍት ቦታ ብዬ ጽፌ ነበር።

ጋሽ ኤርሱሞ እያንዳንዱን ግንድ በመዳፋቸው መታ እያደረጉ በስሙ ጠሩልኝ። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ሰዉን ሲያጭደው ድንጋይ አልነበረም፤ የእንጨት መስቀል ቢተክሉ ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሙት ቤተሰቡ ባመጣው ቋሚ ሥር ቀበሩት። «ይሄ የላምቤቦ ነው፣ እናቱ ከሥሩ አለች። ይሄ የሄራሞ ነው፣ ወንድማማቾቹ ሁለቱም እዚህ ናቸው።» አንዱን ሳይስቱ ሄዱ።

«ይሄኛው የእኔ ነው» አሉ ሐጂ ሰይድ ደረታቸውን ነፍተው፣ የበሩን ቀኝ ግንድ አቅፈው። «እኛ መስጊድ ስንሠራ እሱ ለእኛ እንጨት አመጣ። የሱን ምስጥ በላው። የእኔ ግን አጃኢብ ነው፣ ይኸው!»

«የአንተን እኮ የመረጥኩልህ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኤርሱሞ።

ተሳሳቁ። ከዚያ የመጨረሻው ግንድ ላይ ደረስን፣ በስተምሥራቅ ያለው። ጋሽ ኤርሱሞ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ስም ግን አልጠሩም። እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጁ ናት» አሉኝ። «አራት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያዋ ሟች እሷ ናት።»

ስንት ሐሙስ ሙሉ አንድም ቀን አልነገሩኝም! ስለ ላምቤቦ እናት ነግረውኛል፣ ስለ ሄራሞ ልጆች ነግረውኛል። «ጋሼ፣ ይህንን ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር» አሉ። «እኔ የመጣሁት እንድታዝኚ አይደለም። እንድትለኪ ነው።»

ሰኞ ኃላፊዬ ፊት ቆምኩ። ቢሮው የጸደቀ ካርታ መለወጥ አይወድም፤ «ስህተቱ የማን ነው ተብሎ ይጻፍ?» አለኝ። «የእኔ ነው» አልኩ። በእጄ ጻፍኩት፤ ከመኪና ሳልወርድ መዝግቤ ነበር ብዬ፣ ፈርሜ ሰጠሁት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ኮሚቴ ወረደ፣ ሐጂ ሰይድና የአገሬው ሽማግሌዎች መሰከሩ፣ ለጡቡ ማኅበር ሌላ ቦታ ተፈለገለት። መስቀል ከዋለ በኋላ በአንዱ ሐሙስ የይዞታ ማረጋገጫውን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ቆመው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እኔን አዩኝና፣ «እንግዲህ ሐሙሴን ምን ላድርጋት?» አሉ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ በጆንያ ሙሉ ሙዝ ተሸክመው። ማንጎ ወቅቱ አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ አግብቼ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ፣ ሥራም ቀየርኩ። ለበዓል እንደዋወል ነበር። በደወልኩ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ከመኪና ትወርጃለሽ?» «እወርዳለሁ ጋሼ» እላለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ወረድኩ። ሐጂ ሰይድ በከዘራ ሆነዋል። ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ፤ ከምሥራቁ ቋሚ ሥር፣ ከልጃቸው ጎን። በራስጌው በኩል እርጥብ እንጨት ተተክሏል። ከሐጂ ቋሚ ላይ የተቆረጠ ነው።

«ቅርፊቱን እንዳትልጡት ብሎ ነው የሞተው» አሉኝ። እንጨቱ ሁለት ቅጠል አውጥቷል።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ወጣልኝ። ሐጂ ግን የሚነግሩኝ ነገር ነበራቸው። አዲስ የጡብ ማኅበር ተቋቁሟል፤ ያንኑ አፈር ይፈልጋል። ወረቀት አሳዩ ተብለዋል። ጋሽ ኤርሱሞ የይዞታ ማረጋገጫውን ሰው ሁሉ እንዲያየው በመስተዋት አስገብተው የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ጭቃ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። ሐጂ ወደዚያ ወሰዱኝና ክፈፉን አውርደው ሰጡኝ። ምስጡ ከግድግዳው ውስጥ ለውስጥ በጀርባው ገብቶ ወረቀቱን ጨርሶታል። መስተዋቱና የማኅተሙ ሰማያዊ ቅንጥብጣቢ ብቻ ቀርተዋል።

ያቺ የድሮ ምላሴ ትዝ አለችኝ። ምስጥ እስኪበላው ድረስ ብዬ ነበር። ይኸው በላው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጫግኒ ነበርኩ። የቢሮው ሕንፃ ተቀይሯል፣ አግዳሚ ወንበሯ ግን ያችው ናት። የድሮ ሥራዬን የያዘ አንድ ወጣት ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ጉዳዬን አስረዳሁት፤ የታች ሰፈራ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅጂው ከእናንተ ዘንድ አለ አልኩት።

«የድሮው መዝገብ ቢሮው ሲዛወር ተደባልቋል፣ እናቴ» አለኝ ቀና ሳይል። «ካርታው ላይ የሚታየኝ ዛፍ ነው። ሌላ ማስረጃ አለዎት?»

«ሰው አለ፣ እንጨት አለ፣ ሜትርም ይዣለሁ» አልኩት። «ወርደህ አብረኸኝ ለካ።»

«ዛሬ አይመችም። ሄደው ይመለሱ።»

ነጠላዬን አጠፍኩና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ልቀመጥ ግድ የለም» አልኩት። «አትመልሰኝ ብቻ።» ሲዘጉ ተነሣሁና በበሩ ብቅ ብዬ፣ ዛሬ ካልሆነ ሐሙስ ነኝ አልኩት።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። ባለፈው ሳምንት ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «እውነት በር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገ ሐሙስ ነው።